በድድ ቁስል ያሳበብኩት ለቅሶ

መጻፍ ብዙም አልችልም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቢቸና ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ወረቀት ሳባዛ ነው የምውለው። የራሴን ነገር በወረቀት ሳሰፍር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ልናገር፤ እናንተም ቀስ እያላችሁ አንብቡኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጌትነት የባጃጅ ሾፌር ነበር። አባታችን እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት እችላለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ ስንሄድ ከፊት የመጣ አይሱዙ መንገድ ነፈገንና ባጃጇ ተገለበጠች። እሱ እዚያው አረፈ። እኔ ተረፍኩ፤ የላይኛው ጥርሴ ግን አብዛኛው ረገፈ። የቀሩትም ስለሚነቃነቁ ሐኪም ነቀላቸው። በሃያ ሁለት ዓመቴ የላይኛው መንጋጋዬ ባዶ ድድ ሆነ።

ስለ አደጋው ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልነግራችሁ የፈለግሁት ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ሞጣ ላይ ስለገጠመኝ ነገር ነው።

እህታችን ትሁኔ ያገባችው ሞጣ ነው። ከጌትነት ታንሳለች፣ እኔን ትበልጣለች። ባሏ ሲሳይ አስተማሪ ነው፤ አገሩ ወሎ። ጌትነት በሞተ ጊዜ ትሁኔ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩና መርዶው እንዳይነገራት ወሰኑ። ከወለደች በኋላ ደግሞ «አራስ ናት፤ ድንጋጤ ወተቷን ያደርቀዋል» ተባለ። ልጅቷ ስትወለድ በጣም ትንሽ ነበረች። ጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶች ክብደቷን አይተው ከእናቷ ጡት ውጪ ምንም እንዳይሰጣት አስጠንቅቀዋል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ክርስትናው ባለፈ በሦስተኛው ቀን በማለዳ ሄደው መርዶውን ሊነግሯት ቀን ቆረጡ። እስከዚያው «ጌትነት መተማ ለሥራ ሄዷል፤ ኔትወርክ የለም» ተባለላት። የእኔን ጥርስ ደግሞ «ከሞተር ወድቆ ነው» አሏት።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ በእኛ በኩል የተገኘው ሞጣ ነበር። መጀመሪያ ልክ ልሰጥ የሄድኩ ዕለት ትሁኔ ቤት ሳልገባ ተመለስኩ። ፈርቼ ነው። ግን ሞጣ ሰው የማይደበቅባት ከተማ ናት። ያየኝ ሰው ነገራት። «ወንድሜ በደጄ አለፈ» ብላ አለቀሰች አሉ።

ጥርሱ ደርሷል ተብሎ ስጠራ አጎታችን አያ ደምሴ ቤታችን መጡ። የመርዶውን ነገር የያዙት እሳቸው ናቸው።

«አሁንም ካልገባህ ትጠረጥራለች» አሉኝ። «ግባ፤ ጠይቃት። ግን ስማኝ። ከአፍህ አንዲት ቃል ብትወጣና የልጅቷ ወተት ቢቋረጥ፣ በነፍስ የምትጠየቀው አንተ ነህ።»

«እሺ አያ። ምንም አይሰሙም» አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጺሜን ተላጨሁ። ጥቁር ሹራቤን አውልቄ ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ሹራቡን ተቀብላ አጣጠፈችው። ልጇ ወልዳ ሳለ እንደ ወጉ ሄዳ ያላረሰቻት ፊቷ መዋሸት ስለማይችል ነው። ለትሁኔ «እግሯን አሟታል» ተብሎላታል። እኔ ስወጣ ግን እስከ በሩ ድረስ ደህና አድርጋ በእግሯ ሸኘችኝ።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተ ሰሞን ስለነበር ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ባጃጇ የተገለበጠችባት ያቺ ቦታ ከደብረ ወርቅ በፊት ናት። ስንቃረብ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ደብረ ወርቅ አልፎናል።

ጥርሱን የሠራልኝ ሰው ከድር ይባላል። ከጅማ የመጣ ነው። ቀልደኛ ነው፣ እጁ ግን ቀልድ አያውቅም።

«ክፈት። ክፈት እንጂ፤ የምሰርቅህ ጥርስ የለህም» አለና አስገባው። «በል ንከስ። እንደ ሙሽራ አይደለም፤ እንደ ሰው ንከስ!»

ነከስኩ። አፌ ውስጥ የሰው ዕቃ የገባ መሰለኝ። ምላሴ መሄጃ አጣ። መስታወት ሰጠኝና አየሁ። ጥርስ ያለው ሰው ነበር መስታወቱ ውስጥ። ጌትነት ሳይኖር እንዲህ አምሮብኝ መታየቴ አሳፈረኝና መልሼ ሰጠሁት።

«ስማኝ» አለ ከድር። «መጀመሪያ እንግዳ ነገር ነው። ድድህ አይወደውም። አንድ ቦታ ላይ ይቧጭርሃል። ወደ ቢቸና እንዳትሄድ፤ ቅዳሜ ጠዋት ና፣ የሚነካህን ቦታ እሞርድልሃለሁ። ማታ ማታ አውልቀህ ውሃ ውስጥ አድርገው፤ ድድህ ይረፍ። ጠዋት መልሰህ አድርገው። ቅዳሜም አድርገኸው ና። አውልቀህ ከሰነበትክ ቁስሉ ይጠፋና የቱን እንደምሞርድ አላይም።»

«ካመመኝስ?»

«ያምሃል። እያመመህ ና።»

እንግዲህ ሁለት ሌሊት ትሁኔ ቤት ማደሬ ነው። አንድ ሰዓት እንኳ የምችል አይመስለኝም ነበር።

ሲሳይ በር ላይ ጠበቀኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስልኳ እኔ ጋ ነው፤ ተበላሽቷል ብያታለሁ» አለኝ። «ስለ ጌትነት ከጠየቀችህ መተማ በል። ከዚያ ሌላ አትጨምር። ውሸት ሲበዛ ይጋጫል።» ፊቱ ገርጥቷል። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ በየቀኑ የሚዋሽ ሰው ፊት ነበር።

ትሁኔ ሕፃኗን ታቅፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«እሰይ! በደጄ የሚያልፈው ወንድሜ! ዛሬ በየት በኩል ፀሐይ ወጣች?»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ እታለም» አልኳት። አዲሱ ጥርስ ቃሉን አንቆ ይዞት ድምፄ የሽማግሌ ሆኖ ወጣ።

ሳቀች። «አያ ደምሴን መሰልክ እኮ! እስቲ ና፣ ክፈት» ብላ ከንፈሬን በጣቷ ገለጠችው። «ያምራል። ከፊተኛው ይሻላል። የፊተኛው እርስ በርሱ የተጣላ ነበር።»

ልጅቷን ሰጠችኝ። ክብደት የላትም። ጣቶቿ ክር ይመስላሉ። ሳያት አያ ደምሴ ያሉኝ ነገር ገባኝ። እዚህ ቤት ውስጥ የምጠብቀው ምስጢር አይደለም፤ ይህችን ልጅ ነው።

ገንፎ ቀረበ፤ መሐሉ ላይ ቅቤ ያለው። «በል እንግዲህ፣ እኔም አራስ አንተም አራስ» አለች ትሁኔ፣ «ከአንድ ገበታ እንብላ።» አንድ ጉርሻ ዋጥኩ። ጥርሱ ላንቃዬን ሸፍኖት ስለነበር ትኩስነቱን ላንቃዬ አልነገረኝም። ጉሮሮዬ ሲቃጠል ነው ያወቅሁት። ትሁኔ እየሳቀች ውሃ አቀበለችኝ። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ ጠየቀችኝ።

«ጌትነትስ?»

«መተማ።»

«መተማ፣ መተማ! ሁላችሁም አንድ ቃል ነው የተማራችሁት? እህቱ ወልዳ ‹እንኳን ማረችሽ› ብሎ የሚልክበት አንድ መንገደኛ ያጣል? እናቴ እግሯን አማት፤ እሺ። እሱ ምኑን አመመው? ሰው እጁ ላይ ብር ሲገባ እንዲህ ነው? ሲመጣ አላናግረውም፤ ንገረው። ፊቴን አዞርበታለሁ።»

ገንፎውን አየሁ። የገንፎው ቅቤ ደበዘዘብኝ። ለካ እንባዬ መጥቷል።

«ምነው?» አለች።

እጄ ሳላዝዘው ወደ ግራ መንጋጋዬ ሄደ። «ድዴ» አልኩ። «ጥርሱ ይቧጭረኛል።»

«ውይ፣ አፈር ልብላልህ! እኔ ደግሞ እስቅብሃለሁ» አለችና ወዲያው ጨው ያለው ለብ ያለ ውሃ አመጣችልኝ። «በግራ በኩል ያዘው። ትንሽ አቆየው፣ ከዚያ ትፋው።»

በግራ በኩል ያዝኩት። ድዴ በእርግጥ ይቧጭረኝ ጀምሮ ነበር። እንባው ግን የድድ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ የማለቅስበት ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ወንድ ነህ፣ ለእናትህ በርታ» ሲለኝ ነው የከረመው። አሁን ግን እህቴ ፊት ለፊቷ እያለቀስኩ «ውይ የኔ ወንድም» እያለች ጀርባዬን ታሻሸኛለች። ይህ ደስ ይላል ልበል? አይልም። ግን ያሳርፋል።

አርብ ቁስሉ ጠና። በግራ በኩል ክራንቻዬ የነበረበት ቦታ ጥርሱ በነካው ቁጥር እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ሲሳይ ሥራ ሄደ። አርብ ስለሆነ የእኔ ገንፎ በተልባ ሆነ፤ ትሁኔ የራሷን በቅቤ ትበላለች፣ እኔን እያየች ትስቃለች። ቀኑን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ጌትነት ነው። ለልጅቷ ትነግራታለች።

«አጎትሽ ጉረኛ ነው፣ ታውቂያለሽ? አንድ ብልጭ ያለ ሸሚዝ ገዛ እንደሆነ ቢቸናን ሦስቴ ሳይዞር አይገባም። አሁን ደግሞ ኮርቶ ረሳሽ። ሲመጣ አላውቅህም በዪው፣ እሺ?»

እንዲህ ስትል አለቅሳለሁ። ሳለቅስ ድዴን እይዛለሁ። ድዴን ስይዝ ጨው ውሃ ታመጣለች። «በግራ በኩል ያዘው» ትለኛለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ወደ ማታ ደከመኝ። ሥራ ሠርቼ የደከመኝ ድካም አይደለም። እንዴት ልበለው፣ ሁለት ሰው ሆኜ የዋልኩ ዓይነት ድካም ነው። የሞተ ሰው ፊቴ ላይ ሲሰደብ እሰማለሁ፤ ሲሰድቡት ደግሞ በፍቅር ነው። «እሱ እኮ አልረሳሽም» ማለት አልችልም።

ያን ማታ ጥርሱን ማውለቅ ነበረብኝ። ከድር አስጠንቅቆኛል። አላወለቅሁትም። ሕመሙ በአንድ ሌሊት እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ሕመሙ ከጠፋ ነገ በምን አለቅሳለሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ከድር ጋ ሄድኩ።

«የት ላይ ነው የሚያምህ?»

«ምንም አያመኝም» አልኩት።

እጁን ከጓንቱ ጋር አየር ላይ አቆመው። «እዚህ ወንበር ላይ በሦስተኛው ቀን ተቀምጦ አያመኝም ያለ ሰው አላየሁም። አውልቀው።»

አወለቅሁት። መብራቱን አዞረና አየ። ለትንሽ ጊዜ ቀልዱን ተወው።

«ይህ ምንድን ነው? መሐሉ ነጭ ሆኗል፣ ዙሪያው በርበሬ መስሏል። ሌሊት አላወለቅክም፣ አይደል?»

«አላወለቅሁም።»

«ለምን? ዐመፅ ነው?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ነገርኩት። ሁሉንም። ያለ ጥርስ ስለምናገር ቃሎቼ እየሾለኩ ይወጣሉ፤ አንዳንዱን ሁለቴ አስደገመኝ። ስጨርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በእኛም አገር መርዶ ይደበቃል» አለ ቀስ ብሎ። «እናቴ የእናቷን ሞት የሰማችው ወር አልፎት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ግን እኔ በዚያ አልገባም። እኔ የማውቀው ድድ ነው። ይህን ቁስል ትቼ ብልክህ ነገ ያብጣል፤ ከነገ ወዲያ መናገርም መብላትም አትችልም። ወንድሜ፣ ለቅሶህን ሌላ ሰበብ ፈልግለት። እኔ ይህን ልተወው አልችልም።»

ቁስሉን በቀለም ነካ አደረገና ጥርሱን መልሶ አስገባው። ሲያወጣው ቀለሙ ጥርሱ ላይ ታትሟል። ያንን ቦታ በምታንጫርር ማሽን ሞረደው። እንደገና አስገባው።

«ንከስ።»

ነከስኩ። ምንም የለም። ቁስሉ አለ፤ የሚወጋው ግን ሄዷል። ሰው እንዲህ ሲሆን እፎይ ይላል። እኔ ፈራሁ።

የገበያ ቀን ነው። መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እየሄድኩ መታመምን ስለማመድ አስቡኝ። ፊቴን እኮማተራለሁ፤ መንጋጋዬን እይዛለሁ፤ «እህህ» እላለሁ። ትናንት እውነት የነበረውን ነገር ዛሬ ማስመሰል እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም።

ስደርስ ሲሳይ ገበያ ወጥቷል። ትሁኔ ልጅቷን እያጠባች ነው።

«ምን አለህ?»

«ትንሽ ሞረደው። ግን ገና ያምሃል አለኝ።»

«ና ተቀመጥ» አለች አጠገቧን እየነካች። ድምፏ የትናንቱ አልነበረም። «ሙላት፣ ሌሊት ሳስብ አደርኩ። ጌትነትን እንደዚያ መናገሬ ደግ አይደለም። ስንት ነገር ሆኖልናል። ምናልባት መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል፤ ምናልባት አሞት ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ስታገኘው ተቆጥታ ነበር እንዳትለው። ትሁኔ ናፍቃሃለች፣ ምንም አልተቀየመችህም በለው። እሺ?»

ስድቡን ችዬው ነበር። ይቅርታዋን አልቻልኩትም። ከውስጤ የሆነ ነገር ተነሣ፤ እንባ ብቻ አይደለም፣ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። እጄን ወደ መንጋጋዬ ሰደድኩ። «ድዴ» አልኩ። «ድዴ ነው።»

አየችኝ።

«ትናንት በግራ ነበር» አለች።

«ኧ?»

«የሚያምህ። በግራ ነበር። በግራ በኩል ያዘው እያልኩ ጨው ውሃ ሳቀብልህ የዋልኩት እኔ ነኝ። አሁን የያዝከው በቀኝ ነው።»

እጄን አየሁት። እውነቷን ነው።

«ወደዚህም ዞረ» አልኩ።

«ና ወዲህ።» ልጅቷን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች በሌላው እጇ አገጬን ያዘች። ጥርሱን በጣቷ ስባ አወጣችው። የቀኝ ድዴን ጫን አለችው። ፊቴን መኮማተር ረሳሁ። «ይህ ጤነኛ ነው» አለች። ወደ ግራ አየች። «ቁስሉ ይኸውና፣ እዚህ። አንተ ግን እዚያ ያዝክ። ሙላት፣ ምንድን ነው የምታለቅሰው?»

ዓይኔን ወደ ልጅቷ መለስኩ።

«እናቴ ናት?» አለች። ከንፈሯ ነጣ። «እናቴ ሞታለች፤ ለዚያ ነው ያልመጣችው። እግሯን አማት የምትሉኝ ውሸት ነው።»

«አይደለም! እናታችን ደህና ናት!»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን! ማርያምን ደህና ናት እታለም። ሐሙስ እስከ በር ድረስ ሸኝታኛለች።»

በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ። እውነት መናገር እንዲህ ቀላል ነገር ነው እንዴ ብዬ ልቤ ረጋ። ያን መርጋቴን አየችው መሰለኝ። እንደገና አገጬን ያዘችው።

«ጌትነትስ?»

«መተማ።»

«ማርያምን በል።»

አንባቢዎቼ፣ በእኛ ዘንድ ሰው ሲዋሽ ብዙ ነገር ይዋሻል። ማርያምን ብሎ ግን አይዋሽም። ያውም አራስ ቤት ውስጥ፣ ምጡን እሷ አቅልላ ባወጣቻት ልጅ ፊት። አያ ደምሴ ሁሉንም አስበው ነበር፤ ስልኩን፣ የእናቴን እግር፣ ጥቁር ሹራቤን። ይህን አላሰቡትም። እኔም አላሰብኩትም። አፌን ከፈትኩ። ጥርሴ በእጇ ነው። አፌ ክፍቱን ቀረ፤ ምንም አልወጣውም።

አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ሰውነቷ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ልጅቷ ከጡቷ ወለቀችና አለቀሰች። ትሁኔ መልሳ አጎረሰቻት። እጇ ሁለቴ ሳተ። እኔ ልጅቷን እያየሁ «አሁን ገደልኳት» እል ነበር በልቤ። «ይህችን ልጅ አሁን ገደልኳት።»

ነጠላውን ከአፏ ስታወጣ ድምፏ የሚሰማው ለእኔ ብቻ ነበር።

«መቼ?»

«ክረምቱ ሊወጣ ሲል።»

«አርባው ወጣ?»

«ወጣ።»

«ያለ እኔ።» ባዶ ድዴን አየችና «ከሞተር ወደቅሁ ያልከው ከሱ ጋር ሆነህ ነው» አለች።

«በባጃጁ። አዎ።»

«ቀብሩ ላይ ነበርክ?»

«አልነበርኩም። ሆስፒታል ነበርኩ። አፌ ተሰፍቶ ነበር።»

«እንግዲያ አንተም አልቀበርከውም።»

«አልቀበርኩትም እታለም።»

ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ድምፅ ሳናወጣ። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ልጅቷ እንዳትደነግጥ። መሐል ላይ «ስሰድበው ዝም ብለህ ትሰማኛለህ? አንድ ቀን ሙሉ?» አለችኝና በጡጫ ጉልበቴን መታችኝ። ከዚያ የመታችውን ቦታ አሸችው።

ለስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። የበሩ ብረት ሲንኳኳ ዓይኗን ጠረገች። በእጇ የያዘችውን ጥርስ ጨው ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋ ሰጠችኝ።

«አድርገው። ስማኝ አሁን። ሲሳይ እንዳያውቅ። አያ ደምሴም እንዳይሰሙ። የደበቁኝ ለእኔ ብለው ነው። በቆረጡት ቀን ይምጡ፤ እኔም ያን ቀን እሰማለሁ። አለዚያ ‹እሱ ነው የነገራት› እየተባልክ ነው የምትኖረው። ልጅቷ ጉንፋን ቢይዛት እንኳ አንተ ትባላለህ።»

«ወተትሽስ?»

«ወተቴን ለእኔ ተወው።»

ሲሳይ ዘንቢሉን ይዞ ገባ። አየን። «ምነው? ዓይናችሁ ምን ሆኗል?»

«ድዱ እኮ ነው» አለች ትሁኔ። «አላስቻለውም። እሱ ሲያለቅስ የእኔም ሆድ ባባ።»

ሲሳይ አመናት። ሁለት ወር ተኩል የዋሸ ሰው ሲዋሹት አያውቅም።

እሑድ ወተቷ ቀነሰ። ልጅቷ ጡቱን ትይዝና ትተዋለች፤ ትይዝና ትተዋለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ትንፋሼን እቆጥራለሁ። ትሁኔ አጥሚቱን እየጠላችው ትጠጣለች። ኩባያው ሲያልቅ «ጨምርልኝ» ትላለች። ሲያቅለሸልሻት አፏን በእጇ ትይዝና ትውጠዋለች። ሲሳይ «ምን ሆንሽ ዛሬ?» ሲላት «ራበኝ» አለችው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቄ ሰው ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ጡቱን ያዘች፣ አልተወችውም። ጠብታ በከንፈሯ ጥግ ወጥቶ ወደ አገጯ ሲወርድ አየሁ። ትሁኔ ቀና ብላ አየችኝ። ማክሰኞ ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ያህል ያን ነገር ይዛው ኖረች። ከባሏ ጋር በአንድ ቤት። እሱ ከእሷ ይደብቃል፣ እሷ ከእሱ ትደብቃለች። እንዴት እንደቻለችው ዛሬም አልጠየቅኋትም።

ክርስትናው ባለፈ በሦስተኛው ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም ሄድኩ። ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳን። አያ ደምሴ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ቆመው «ልጄ ትሁኔ፣ የእግዜር ነገር ነው…» ብለው ጀመሩ። እኔ የፈራሁት ማስመሰል ያቅታታል ብዬ ነበር። ማስመሰል አላስፈለጋትም። «ወንድሜ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ አስነሣ። ሴቶች ወገቧን ይዘው እንኳ አልቻሏትም። አርባ ቀን በነጠላ ጫፍ የታፈነ ነገር ነው የወጣው። እናቴም ያን ቀን መጥታ ነበር፤ ሁለቱ ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ አያ ደምሴ ጠሩኝ። «አንተ ልጅ የታመንክ ሰው ነህ» አሉኝ። «ያን ያህል ቀን አብረሃት ቆይተህ አንዲት ቃል አላወጣህም። እኔ ራሴ አልችለውም ነበር።» መረቁኝ። ጎንበስ ብዬ «አሜን» አልኩ። ከማዶ ትሁኔ በሴቶቹ መሐል ሆና አየችኝ።

እንግዲህ ገጠመኜ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹን ለመውቀስ አልጻፍኩትም። አያ ደምሴ ለዚያች ልጅ ነፍስ ብለው ነው፤ ልጅቷም ዛሬ ወፍራም ናት፣ ትስቃለች። ምናልባት ልክ ነበሩ። ምናልባት የስምንት ወር እርጉዝ ሳለች ሰምታ ቢሆን ሌላ ነገር ይሆን ነበር፤ አላውቅም። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ከዚያ ወዲህ ሰው «አይዞህ፣ ወንድ ነህ» ሲለኝ ሰበብ አልፈልግም። ለምን ታለቅሳለህ ቢሉኝ «ወንድሜ ሞቶብኝ» እላለሁ። ይህን ቀላል ቃል ለመናገር ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አያችሁ። ከእናንተም መሐል ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ደብቆ የተቀመጠ ካለ፣ ተናገር አልለውም፤ የሚደበቅለትን ሰው ፊት ግን ደህና አድርጎ ይየው እላለሁ። ምናልባት ያ ሰው ቀድሞ ደክሞታል።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ትሁኔ ብቻዋን ስትሆን አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፏ ተዘግቷል።

«የዛሬው ለቅሶ የሁሉም ነው» አለችኝ። «ደግ ነው፤ ይገባዋል። እኔ ግን ጌትነትን የቀበርኩት ያን ቅዳሜ ነው።»

«እኔም» አልኳት።